ሽማግሌ ስንጠብቅ ያለፉት አሥራ ስድስት ቀናት

ይህ የደረሰው ባለፈው ዓመት፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ነጃት ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠፋች። እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ከአእምሮዬ የማይወጣው ግን መጥፋቷ ብቻ አይደለም። ከጠፋች በኋላ አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ የፈለጋት ሰው አልነበረም። እንዳትፈለግ ከመከሩት ሰዎች አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ የንዴቴም ግማሹ በራሴ ላይ ነው።

ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ የተበደለውንም የሚካሰሰውንም የሚፋታውንም ሰው ቃል እየሰማሁ ወረቀት ላይ አሰፍራለሁ። ድሮ በታይፕ ነበር፣ አሁን በላፕቶፕ ነው። ሃያ ዓመት አልፎኛል። አቤቱታ በጊዜው ካልቀረበ ዋጋ እንደሌለው ከእኔ በላይ የሚያውቅ በሰፈራችን የለም። ደንበኛ ሁሉ ከእኔ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ ዛሬ ነገ አትበል።

ከሰይድና ከባለቤቱ ከዘሀራ ጋር የምንተዋወቀው ድሮ፣ በቀበሌ ቤት ዘመን ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ቧንቧ እየተጋራን ልጆቻችንን አሳደግን። ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ዕጣው አንድ ብሎክ ላይ ጣለን፤ እኛ ሁለተኛ ፎቅ፣ እነሱ ሦስተኛ። ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ ተክለ ሃይማኖት ልብስ ይሰፋል። ነጃት የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ጠዋት ጠዋት አባቷን ሱቅ ታግዛለች፣ ከሰዓት በኋላ ሜክሲኮ አንድ ኮሌጅ አካውንቲንግ ትማራለች።

እኔን “ጋሼ” ነው የምትለኝ። ደረጃ ላይ ካገኘችኝ ላፕቶፔን ቀምታኝ እሷ ትሸከመዋለች። አንድ ቀን መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ መነጽሬን ስፈልግ አይታኝ፣ ሳትነግረኝ አብራኝ ስትፈልግ ቆይታ፣ በመጨረሻ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እስክታለቅስ ሳቀችብኝ። እንዲህ ዓይነት ልጅ ናት።

በዚያ ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እናቷ ጋ ደወለች። “እማ፣ ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ፣ ዳቦ ልያዝ?” አለቻት። ዘሀራ “ያዢ” አለቻት። ከዚያ በኋላ ስልኳ ዝግ ነው።

ረቡዕ ዕለት ዘመድ አዝማድ ጋ ሁሉ ተደወለ፤ የለችም። ሰይድ ሆስፒታሎቹን ዞረ፤ እዚያም የለችም። ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ተሰበሰብን። ገና ስገባ ሰይድ “ታደለ፣ ለፖሊስ ማመልከቻ ጻፍልኝ” አለኝ። ላፕቶፔን ይዤ ነበር የሄድኩት። ከፈትኩት። “ጉዳዩ፦” ብዬ ጀምሬም ነበር።

ያስቆሙኝ ጋሽ መኮንን ናቸው። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ስንት ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የሚያዳምጣቸው።

“ቆይ እስቲ፣” አሉ። “ያ ኤሌክትሪሺያኑ ልጅስ?”

ነገሩ እንዲህ ነው። ፉአድ የሚባል፣ አብነት አካባቢ ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ነጃትን ወዶ ከክረምቱ በፊት ሰው ልኮ ነበር። ሰይድ “ትምህርቷን ሳትጨርስ አይሆንም” ብሎ መለሰው። እሷስ ምን አለች? ማንም አልጠየቃትም።

ወዲያው ፉአድ ጋ ተደወለ። ስልኩ አይሠራም። አንድ ጎረቤት ወደ ቤቱ ተላከ። አከራይዋ “ዛሬ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ወጥቷል” ብላ መለሰችለት። በቃ፣ ነገሩ እዚያው አለቀ። ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በእፎይታ ተነፈሰ። ዘሀራ እንኳ ፊቷ በራ፤ ልጇ በሕይወት አለቻ።

“ጠፋች አይባልም፤ ሄደች ነው የሚባለው፣” አሉ ጋሽ መኮንን። “ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው። የልጁ ወገኖች ሽማግሌ ይልካሉ፣ ትንሽ ትቆጣለህ፣ ከዚያ ትታረቃለህ። አሁን ፖሊስ ብታስገባ ግን ልጁ ይታሰራል፣ የልጅህ ስም አደባባይ ይወጣል፣ እርቁም ይበላሻል። ዝም ብለህ ጠብቅ።”

ይህን ልማድ የማያውቅ የለም። ቤተሰብ እምቢ ሲል ልጅና ልጅ ተስማምተው ይኮበልላሉ፤ ከዚያ ሽማግሌ መጥቶ በሩ ላይ ይቆማል፣ አባት ይቆጣል፣ ይለመናል፣ ይቅር ይላል። የእኔም ታላቅ እህት እንዲሁ ሄዳ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሽማግሌ መጣልን። ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች። ስለዚህ ነገሩን ለማመን ጊዜ አልፈጀብኝም።

ያላመነችው ባለቤቴ አልማዝ ብቻ ናት። በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ቆይታ “የስልኳ ቻርጀር ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው፣” አለች። “መታወቂያዋም መሳቢያ ውስጥ አለ። ወንድ ጋ የምትሄድ ልጅ መታወቂያዋን ትታ ትሄዳለች? ደግሞ ልትኮበልል የተነሣች ልጅ ዳቦ ልያዝ ብላ ትደውላለች እንዴ?”

ጋሽ መኮንን ፈገግ ብለው “አልማዝዬ፣ ሴት ስትባሉ መቼም ቶሎ ነው የምትደነግጡት” አሏት።

እኔስ ምን አልኩ? ይኸው በገዛ እጄ ልጻፈው። “ሰይድ፣ ጋሽ መኮንን ያሉት ልክ ነው። ይህን ማመልከቻ ከጻፍኩልህ የልጅህን ትዳር በገዛ እጄ ነው የማፈርሰው” አልኩና ላፕቶፑን ዘጋሁት። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ትንሽ ኮራ ብዬም ነበር። አልማዝ አንድ ጊዜ አየችኝና ወደ ቤቷ ወረደች።

ከዚያ በኋላ የሠራነውን ሳስብ ደሜ ይፈላል። ልጅ ጠፍታ እኛ እንግዳ ለመቀበል መሰናዶ ያዝን። ዘሀራ የሶፋውን ልብስ አጠበች፣ መጋረጃ ቀየረች፣ ከእኛ ቤት ብርጭቆ ተዋሰች። ሰይድ ደግሞ ቁጣውን ይለማመዳል። “ሁለት ጊዜ ሳልሰማቸው እመልሳቸዋለሁ፣ በሦስተኛው ነው የማስገባቸው” ይለኛል። እኔ ደግሞ “ሁለቴ ይበዛል፣ አንዴ መመለስ ይበቃል፣ ልጅቷን አታሳቅቃት” እያልኩ እከራከረዋለሁ። ሁለት የሸበትን ሰዎች፣ ልጅቷ የት ወድቃ እንዳለች ሳናውቅ፣ በስንተኛው ይቅር እንደምንል ስንከራከር ከረምን።

ጎረቤት ሲጠይቅ “ዘመድ ልትጠይቅ ደሴ ሄዳለች” እንላለን። ይህን ውሸት የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ የሰው ነገር በወረቀት ማሳመር ሙያዬ አይደል! አንዲት የክፍሏ ልጅ ድረስ መጥታ “ነጃት ሳትነግረኝ አገር ጥላ አትሄድም፣ ደግሞ ፈተና አለብን” እያለች ደረጃው ላይ ተሟገተችኝ። “አንቺ ልጅ፣ ቤተሰቦቿ እያወቁ አንቺ ምን ቤት ነሽ?” ብዬ መለስኳት። ልጅቷ አልቅሳ ሄደች።

ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ሽማግሌ የሚመጣው እሑድ ጠዋት ነው። የመጀመሪያው እሑድ ማንም ሳይመጣ አለፈ። “ፈርተው ነው፣ በሚቀጥለው ይመጣሉ” ተባለ።

በሁለተኛው እሑድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ብሎካችን ሲመጡ አየሁ። ሁለቱ ጋቢ ለብሰዋል፣ አንዱ ኮት ለብሶ ከዘራ ይዟል። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጥቼ “መጡ!” አልኳቸው። ዘሀራ እልል ልትል እጇን ወደ አፏ ስታነሣ ሰይድ በዓይኑ ተቆጣትና ዋጠችው። እሱ ኮቱን ለብሶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ግንባሩን ቋጠረ። እኔ አጠገቡ ቆምኩ።

የእግራቸው ኮቴ ይሰማናል። ሁለተኛ ፎቅ ደረሱ። ሦስተኛ ፎቅ ደረሱ። በራችን አጠገብ አንደኛው ቆም ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። ከዚያ አለፉ። አራተኛ ፎቅ ወጥተው የሌላ ሰው በር አንኳኩ። እዚያ ያለችውን ልጅ በወጉ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው።

ዘሀራ በሩን ከፍታ ደረጃው ላይ ወጣች። ከላይ “ግቡ፣ ግቡ” የሚል የቤተሰቡ ድምፅ ይሰማል። አንገቷን ቀና አድርጋ እንደቆመች ቀረች። ሰይድ ግንባሩን እንደቋጠረ ነው፤ መፍታቱን የረሳው ይመስላል። እኔ ደግሞ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

በጣም የሚያናድደኝ ያን ቀን እንኳ አለመንቃታችን ነው። ጋሽ መኮንን መጥተው “ሦስተኛው እሑድ አይቀርም፣ አይዟችሁ” አሉ፤ እኛም ተጽናናን።

ሐሙስ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ የአንዲት ሴት የውርስ ጉዳይ እየጻፍኩ ሳለ አንድ ወጣት ሮጦ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ጫማው በጭቃ ተለውሷል፣ ሻንጣው በትከሻው ላይ ነው። ፉአድ ነበር። ከጅማ ወዲያ ኔትወርክ በሌለበት ገጠር የትምህርት ቤት መብራት ሲዘረጋ ከርሞ፣ ለዕቃ ከተማ በወጣበት ቀን ጓደኛው “ነጃትን ይዞ ጠፋ እየተባልክ ነው” ብሎት ባገኘው አውቶቡስ የመጣ ነው።

“ጋሽ ታደለ፣ ነጃት የት ናት?” አለኝ።

እኔ ጅሉ “አንተ ጋ አይደለችም እንዴ?” አልኩት።

“እኔ ጋ? እኔ ድምጿን ከሰማሁ ከወር በላይ ሆኖኛል!” ፊቱ ዐመድ መሰለ። “እና… አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ የፈለጋት ሰው የለም?”

የማላውቀው ሰው በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። የሴትዮዋን ወረቀት ግማሽ ላይ ትቼ ተነሣሁ።

ተክለ ሃይማኖት ሰይድ ሱቅ ሄድን። ሰይድ ፉአድን ሲያይ መቀሱን እንደያዘ ብድግ አለ፤ ሊወጋው ነው ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ልጁን አልፎ በሩን በሩን ያያል። ተከትላው የምትገባ መስሎታል። ፉአድ “አባባ፣ እኔ ጋ የለችም። ወላሂ እኔ ጋ የለችም” አለው። ሰይድ መቀሱን አስቀመጠ፣ ተቀመጠ፣ ሲሰፋው የነበረውን ኮት እጅጌ በመዳፉ ይዳብስ ጀመር። “ያ አላህ” አለ።

ፖሊስ ጣቢያ የተቀበለችን መርማሪ ወጣት ሴት ናት። ቃላችንን እየጻፈች ቀኑ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አቆመች።

“ማክሰኞ የትኛው ማክሰኞ?” አለች። ነገርናት። “እስከ ዛሬ ምን ስታደርጉ ነበር? ማን ነው ጠብቁ ያላችሁ?”

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ሰይድ ነው የመለሰላት፤ “የቤተሰብ ውሳኔ ነው” አላት። ልጁን ያጣ ሰው እኔን ከለለኝ። ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መርማሪዋ ብዙ አልወቀሰችንም፤ ተነሥታ አብራን ሜክሲኮ ሄደች። የታክሲ ሰልፉ ፊት ለፊት ያለ አንድ ሕንጻ ካሜራ አለው። የጥበቃ ኃላፊው “የሚይዘው የአሥራ አምስት ቀን ብቻ ነው፣ ከዚያ በላዩ ላይ ይቀዳበታል” አለን። “ከትናንት ወዲያ መጥታችሁ ቢሆን ታገኙት ነበር።” ከትናንት ወዲያ እኔና ሰይድ ሦስተኛው እሑድ ላይ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ስንማከር ነበር የዋልነው።

ፉአድ ግን ከሜክሲኮ አልተመለሰም። ሰልፉ አካባቢ የሚሠራውን ሰው ሁሉ ፎቶዋን እያሳየ መጠየቅ ያዘ። በማግስቱ አንዲት በቆሎ የምትጠብስ ሴት ፎቶዋን አይታ “ይቺንማ አውቃታለሁ” አለች። ደወለልን፤ እኔና አልማዝ ሮጥን።

“አረንጓዴ ሻርፕ ነበር ያደረገችው፣” አለችን ሴትዮዋ። “በቆሎ መርጣ ‘ይሄን አብስዪልኝ’ ብላኝ እየጠበቀች ሳለ መኪና መጥቶ ቆመ። አንዲት ሴት በመስኮት ‘ነጃት!’ ብላ ጠራቻት። ልጅቷ ደስ ብሏት ሄደች፤ ‘መጣሁ፣ እንዳታሳርሪብኝ’ አለችኝ። አልመጣችም። በቆሎው አረረ። ያልረሳኋት ለዚያ ነው።”

“መኪናው ምን ዓይነት ነበር? ሴትዮዋስ ምን ትመስላለች?” አለቻት አልማዝ።

“እህቴ፣ በማግስቱ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። እዚህ ቆሜ በቀን ስንት መኪና ነው የማየው? ነጭ ይመስለኛል፤ ወይ ደግሞ ግራጫ። ሴትዮዋ መነጽር አድርጋለች መሰለኝ… እንጃ፣ አልዋሽሽም። ምነው፣ እስካሁን የት ነበራችሁ?”

አልማዝ ወደ እኔ ዞረች። ቤት እስክንደርስ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ቀን፣ አላናገረችኝም። ብትሰድበኝ እንዴት በቀለለኝ።

ፖሊሶቹ የሚችሉትን ሠሩ። ስልኳ የተዘጋው ሜክሲኮ አካባቢ፣ እናቷን ካናገረች ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነው። ፉአድን ጠየቁት፤ በዚያ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ከሠራተኞቹ ጋር ዕቃ ሲጭን እንደዋለ ሦስት ሰዎች መሰከሩለት። የክፍሏ ልጆች ተጠየቁ። ያቺን ደረጃው ላይ ያስለቀስኳትን ልጅ ያገኘኋት ጣቢያ ኮሪደር ላይ ነው፤ ፊቷን አዞረችብኝ። ስሟን ጠርታ የወሰደቻት ሴት ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። እኔም ከዚያ በኋላ ጮህኩ። አፋልጉን የሚል ማስታወቂያ እያተምኩ ከልደታ እስከ ሜክሲኮ፣ ከተክለ ሃይማኖት እስከ አብነት ለጠፍን። አዳማ ታየች ሲሉን አዳማ፣ ሻሸመኔ ታየች ሲሉን ሻሸመኔ ሄድን። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። በሰፈር ደግሞ “አረብ አገር ሄዳ ነው”፣ “እርጉዝ ሆና ነው”፣ “ቤተሰቡ የሚደብቀው ነገር አለ” ይባላል። የኋለኛው የራሳችን ጥፋት ነው፤ ደሴ ናት ያልናቸው እኛው ነና።

አንዱን ማስታወቂያ የብሎካችን መግቢያ ላይ ለጥፌ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የለም። ሌላ ለጠፍኩ፤ እሱም ተነሣ። በሦስተኛው ቀን ቆሜ ጠበቅሁ። ጋሽ መኮንን ናቸው፤ በጥፍራቸው ጠርዙን እየላጡ ደረስኩባቸው።

“አራተኛ ፎቅ ሰርግ አለ፣” አሉኝ ሳይደነግጡ። “ሙሽራ በምትወጣበት በር የጠፋች ልጅ ፎቶ ገድ የለውም። ሰርጉ እስኪያልፍ ነው።”

በዕድሜዬ ታላቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። ያን ቀን ጮህኩ። “እጅዎን ያንሡ!” አልኳቸው። “ያኔ ለስሟ ብለን ደበቅናት፣ አሁን ደግሞ ለማን ብለን ነው የምንደብቃት? ከእርስዎ ልጆች አንዷ ብትሆን እስኪያልፍ ይሉ ነበር?” ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ወጣ።

“እኔ መከርኩ እንጂ አላስገደድኩም፣” አሉኝ ቀስ ብለው። “ማመልከቻውን የዘጋኸው አንተ ነህ፣ ታደለ።”

እውነታቸውን ነው። እውነት መሆኑ ደግሞ የበለጠ አበገነኝ። ፎቶውን መልሼ ለጠፍኩት። የሰርጉ ቀን ሙሽራዋ በዚያው በር ስትወጣ ቬሏን ሰብሰብ አድርጋ ፎቶው ፊት ቆመች፣ ዓይኗን በጣቷ ጠረገች፣ ከዚያ ወደ መኪናው ገባች። ትዳሯም ምንም አልሆነ፤ ደህና ናት።

አሁንም ማክሰኞ ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ እንወጣለን፤ ሰይድ፣ ዘሀራ፣ አልማዝ፣ ፉአድና እኔ። ያን ሰዓት እዚያ የሚሰለፈው ሰው በአብዛኛው አንድ ነው፤ ምናልባት አንዱ አንድ ነገር ያስታውስ ይሆናል። መካከለኛ ቁመት አላት፣ ጠይም ናት፣ ግራ ቅንድቧ ጫፍ ላይ በልጅነቷ ቧንቧው ጋ ወድቃ ተሰንጥቆ የቀረ ትንሽ ጠባሳ አላት። ያያት ሰው በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ይንገር። በመስኮት ስሟን የጠራሽ ሴት ይህን የምታነቢ ከሆነ ደግሞ፣ አንቺን የምለምንበት ቃል የለኝም። የት እንዳደረግሻት ተናገሪ።

ከጥቂት ወራት በፊት ደግሞ አንድ ሰው በቤት ኪራይ ጉዳይ ማመልከቻ ሊያጽፍ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። እየጻፍኩ ስልኩ በየደቂቃው ይጮኻል።

“ይቅርታ፣ ሚስቴ ናት፣” አለኝ እየሳቀ። “ልጃችን ወንድ ጋ ሄዳብን ተረብሻ ነው። ሦስት ቀኗ ነው። ሽማግሌ እየጠበቅን ነው።”

እጄ ቆመ። “ድምጿን ሰምተሃል?” አልኩት።

“ስልኳ ዝግ ነው። አፍራ ነዋ።”

“አንተ ራስህ፣ በጆሮህ፣ ድምጿን ሰምተሃል ወይ?”

“አልሰማሁም አልኩህ እኮ። ምን ሆነሃል?”

የቤት ኪራዩን ወረቀት ዘጋሁና ሌላ ከፈትኩ። ስሟን ጠየቅሁት፣ ዕድሜዋን ጠየቅሁት፣ ጽፌ አተምኩና ክንዱን ይዤ ጣቢያ ወሰድኩት። መንገድ ሙሉ “ተው፣ ቤቴን አታፍርስ” እያለ ሲለምነኝ ነበር። አልተውኩትም።

ልጅቷ በማግስቱ ተገኘች። እንዳለውም ከምትወደው ልጅ ጋር ነበረች፤ ፍጹም ደህና ናት። ልጁ አንድ ቀን ጣቢያ አደረ። ወገኖቹ ተቀይመው ሽማግሌ መላኩን ተዉት፣ ነገሩም ተበላሸ። አባትየው ተመልሶ መጥቶ ባለጉዳይ ሁሉ በተሰበሰበበት “የሰው ትዳር አፍራሽ! ቤቴን በወረቀት ያፈረስክ! ለመሆኑ አንተን ማን ጠየቀህ?” እያለ አዋረደኝ። ያላለኝ የለም። አጠገቤ ያሉት ጸሐፊዎች እስኪያፍሩልኝ ድረስ ሰደበኝ። እኔ ቀና ብዬ አየሁት። ልጁ የት እንዳለች ያውቃል፤ ለእኔ ያ ይበቃኛል።

ከሥራ ስመለስ ዘሀራ ጋ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት፣ ስድቡንም ሳልቀንስ። ያጠበችውን የራሷን ሻርፕ እያጠፈች ትሰማኝ ነበር። ስጨርስ ሻርፑን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

“እኔም እንደዚያ አባት በሰው ፊት ተዋርጄ፣ ስሟም ጠፍቶ፣ ትዳሯም ፈርሶ… ባገኘኋት” አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሌሎች አባቶችንም እንደዚያው ጎትቼ ወስጃለሁ፤ አንዱ እስካሁን ሰላም አይለኝም። አይበለኝ። የነጃት መዝገብ ጣቢያ ውስጥ አልተዘጋም፤ እኛም የፊታችን ማክሰኞ እንወጣለን።